የሰናይትን ድምፅ ፍለጋ ወደ ሞጣ

ከአዲስ አበባ የተነሣነው ግንቦት ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ዓርብ ማለዳ ነው። ሁለት ነበርን፤ እኔ ጌታሁን ጊታር መቺው እና ባለ ቤዙ ዳዊት። ዳዊት የድሬዳዋ ልጅ ነው። ቀን ቀን ሬዲዮ ይጠግናል፣ ቅዳሜና እሑድ ከእኛ ጋር ይጫወታል። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሣጥን ተራ በተራ ጭናችን ላይ እናስቀምጥ ነበር። ውስጡ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ ከወዳጅ የተዋስነው ቴፕ ሪከርደር አለ።

ጉዳያችን ይህ ነው። ባንዳችን የማንም አይደለም። የጦር ሠራዊት ባንድ አይደለንም፣ ሆቴልም አልቀጠረንም። አምስት ሆነን የራሳችንን ዘፈን በራሳችን መንገድ፣ ጊታሩን ጮክ አድርገን የምንጫወት ልጆች ነን። የመጀመሪያው ሸክላችን ከጠበቅነው በላይ ተወዶልን ነበር። የተወደደውም፣ እውነቱን ልናገርና፣ በእኔ ጊታር ሳይሆን በሰናይት ድምፅ ነው። ሰናይት ነርስ ናት። ሸክላው በወጣ በሁለተኛው ወር ሞጣ ተመድባ ሄደች። ሁለተኛውን ሸክላ ስንጀምር ሌሎች ሁለት ዘፋኞች ሞከርን። አንዷ ጥሩ ትዘፍናለች፣ ዘፈኑ ግን የእሷ አልሆን አለ። ሌላዋን ድራም መቺያችን አሰፋ ሰምቶ «የውሰት ልብስ ለብሳ ሠርግ የሄደች ትመስላለች» አለ።

የቀረጻ ቤቱ ለሰኔ አጋማሽ ቀጠሮ ሰጥቶናል። ለሰናይት ሦስት ደብዳቤ ጽፌ መልስ አጣሁ። ጤና ጣቢያው የሰው እጥረት ስላለበት ፈቃድ እንደማይሰጧት ደግሞ ከሌላ ሰው ሰማን። እሷ መምጣት ካልቻለች ማሽኑ ይሂድ ተባባልን። ድምጿን ከጊታር ጋር እዚያው ቀርፀን፣ ስንመለስ ቴፑ እየተጫወተ ባንዱ በላዩ ሊመታበት ነው። ክረምቱ ከገባ የሞጣ መንገድ ስለሚዘጋ የነበረን ጊዜ ይኸው ሳምንት ብቻ ነበር።

ለዳዊት ያልነገርኩት አንድ ነገር ነበረኝ። እሱን በቦታው እናገራለሁ።

ዓርብ፣ ደጀን

አውቶቡሱ ጎሐ ጽዮን ላይ ለቁርስ ቆመ። ከዚያ ወደ አባይ በረሃ ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ በመስኮት እንደ ምድጃ አፍ ይገባ ጀመር። ሾፌሩ ሁለት ጊዜ ቆሞ ፍሬኑን አቀዘቀዘ። ድልድዩን ከሚጠብቁት ወታደሮች አንዱ ሣጥኑን አይቶ አስከፈተን።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ድምፅ መያዣ ነው» አለ ዳዊት።

«የማንን ድምፅ ይዛችኋል?»

«ገና አልያዝንም ጌታዬ።»

ወታደሩ ፈገግ ብሎ ክዳኑን በራሱ እጅ ዘጋው።

ደጀን ስንደርስ ቀኑ መሽቷል። ከተማዋ የከባድ መኪና ናት። ግራና ቀኝ ጭነት መኪናዎች ተደርድረው፣ ሾፌሮቹ በየምግብ ቤቱ በር ተቀምጠው ስለ መንገድ ያወራሉ። ቀይ ወጥ በላን፣ ለአንድ አልጋ ሃምሳ ሳንቲም ከፍለን ሁለታችንም ተኛንበት። ሣጥኑ መሀላችን ነበር።

ቅዳሜና እሑድ፣ ብቸና

በማግስቱ ጨውና ላምባ የጫነ መኪና አገኘን። ጋቢናው ውስጥ ከእኛ ጋር የተሳፈሩት አንድ ነጭ ጥምጥም ያደረጉ ሽማግሌ ነበሩ። ደብረ ወርቅ ላይ ቅኔ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው፤ ሾፌሩም «የኔታ» ስለሚላቸው እኛም የኔታ አልናቸው። መንገዱ ጥቁር አፈር ነው። በግራ በኩል ጮቄ ተራራ ደመና ተከናንቦ ይታያል። ገበሬው ሁሉ እርፍ ይዞ ማሳው ላይ ነው። ብቸና ልንገባ ስንል ዝናቡ ወረደ፤ ከተማው መግቢያ ላይ የኋላው ጎማ ሰምጦ ሰው ተረባርቦ አወጣን። ሾፌሩ ወርዶ ጭቃውን በጫማው ነካ ነካ አደረገና «እስኪጠግግ ንቅንቅ የለም» አለ።

እሑድ ቀኑን ሙሉ ብቸና ቁጭ አልን። ያረፍንበት ቤት ባለቤት፣ ወይዘሮ ይመኙሻል የሚባሉ ቀልደኛ ሴት፣ ሽሮውን በቅቤ አርሰው እያቀረቡ «አዲስ አበቤ ዝናብ አይቶ አያውቅም እንዴ?» ይሉን ነበር። እኔ ግን ሰማዩን እያየሁ ቀን እቆጥራለሁ። ጭንቀቴን ለመርሳት ማሽኑን አወጣሁና በራሴ ድምፅ ለናሙና የቀረፅነውን ዘፈን አሰማኋቸው። ሰው ተሰበሰበ። «ድገመው» ሲሉኝ ደገምኩት። ዳዊት «ባትሪው!» እያለ ቢቆጣም፣ ሰው የራሱን ዘፈን ሲያደንቅለት ማን ያቆማል? ስድስት ሰባት ጊዜ ሳላጫውተው አልቀረሁም።

የኔታ ጥግ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚሰሙት። የዘፈኑ መግቢያ እንዲህ ይላል፦

*አባይን አምኜ ቀረሁ ከወዲህ፣*
*ማን ያሻግረኛል ወዳንተ እንግዲህ?*

«ይቺን ማን ጻፋት?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፣ የኔታ።»

«ሰሟን አየናት፤ ወንዙ ሞልቶ አላሻግር ብሏል። ወርቋስ?»

«ወርቅ የላትም። ወንዙን ብቻ ብዬ ነው።»

ሳቁ። «አይ ልጄ! አባይ ጠበቅ ሲል ወንዝ ነው፤ ላላ ሲልስ? ሐሰተኛ አይደለም እንዴ! ሐሰተኛውን አምኜ ቀረሁ ትላለች ልጅቱ። ሳታውቀው ተቀኝተሃል። ለመሆኑ ሐሰተኛው ማን ነው?»

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ጆሮዬ ግን ሲግል ይሰማኝ ነበር።

ሰኞ፣ ወደ ሞጣ

ሰኞ ፀሐይ ወጣ። ደብረ ወርቅ ላይ የኔታን አወረድናቸው። ደበሎ የለበሱ ተማሪዎቻቸው ሮጠው መጥተው እጃቸውን ሳሙ፤ እሳቸውም እኛን መርቀው ተለዩን። ከዚያ ወዲያ ሁለት ቦታ ወርደን ገፋን። አንዲት ትንሽ ወንዝ ውኃዋ የጎማውን ግማሽ ሸፍኖት አለፍን። ሾፌሩ «ጉደኛዋ ይቺ ናት» አለን። «አንድ ጥሩ ዝናብ ከላይ ከጣለ እስከ መስከረም መሻገሪያ አትሰጥም። እኔ ሞጣ ጭነቴን አራግፌ ረቡዕ በስድስት ሰዓት እመለሳለሁ። ከዚያ ወዲያ መኪና አለ ብዬ አልምልላችሁም።»

ሞጣ የገባነው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ጤና ጣቢያውን ማግኘት አላስቸገረንም፤ ሰናይትን ሁሉም ያውቃታል። «ሲስተርን ነው?» ይሉናል።

ማክሰኞ

ጠዋት ስንሄድ ግቢው በሕሙማን ተሞልቶ ነበር። ሰናይት ነጭ ካፖርቷን ለብሳ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ አንድ የተቃጠለ እግር ታጥባለች። ቀና ብላ አየችን። አልደነገጠችም፣ አልሳቀችምም።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አለች። «ተሰለፉ።»

እውነትም ተሰልፈን ጠበቅን። በአምስት ሰዓት ገደማ እጇን ታጥባ ወጣችና ባሕር ዛፉ ሥር አጠገባችን ተቀመጠች። ዳዊትን አቅፋ ሳመችው። እኔን ጨበጠችኝ።

«ደብዳቤዎቼ አልደረሱሽም?» አልኳት።

«ሦስቱም ደርሰውኛል። ሦስቱንም አንብቤአለሁ። ሦስቱም ስለ ዘፈን ናቸው፤ አንዱም ስለ ስሜ አይደለም።»

ዳዊት ወደ እኔ ዞረ። «ስለ ምን ስም?»

ቦታው ይህ ነው። የመጀመሪያው ሸክላ ሊታተም ሲል አሳታሚው ነጋዴ «ስም ከበዛ ሰው አያስታውሳችሁም» አለኝ። እኔም «ጌታሁንና ጓደኞቹ» ብዬ ጻፍኩለት። ለሰናይት በሚቀጥለው ኅትመት እንደሚስተካከል ቃል ሰጠኋት። ሸክላው ድጋሚ ታተመ፤ አላስተካከልኩትም። ለባንዱ ልጆች ደግሞ «ቤተሰቦቿን ስለምትፈራ ስሟ እንዲወጣ አትፈልግም» ብዬ ነበር። ይህን ሁሉ እዚያው ባሕር ዛፉ ሥር፣ እያላበኝ ተናገርኩ።

ዳዊት «እኔኮ አሳዝናኝ ነበር» አለ። «ልጅቷ እንዴት ፈሪ ናት እያልኩ።»

«እኔ አባትም የለኝ፤ እናቴ ደግሞ ሸክላውን ገዝታ ለጎረቤት ስታሳይ ‹ታዲያ ልጅሽ የታለች?› ተባለች» አለች ሰናይት። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። እንዲያ ባትናገር ይሻለኝ ነበር፤ ብትጮህብኝ ይቀለኝ ነበር።

ይቅርታ ጠየቅኋት። ያሰናዳሁት ንግግር ሁሉ ጠፍቶኝ «በድዬሻለሁ» ብቻ አልኩ። እሷ ግጥሞቹን የጻፍኩበትን ወረቀት ከእጄ ወሰደችና ማንበብ ጀመረች። መግቢያው ላይ ስትደርስ አባይን አላልታ፣ ቀስ ብላ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች አነበበችው። ከዚያ ሳቋ አመለጣት።

«ይቺን እዘፍናታለሁ» አለች። «ግን ሁለት ነገር አለኝ። ስሜ እዚህ፣ አሁን፣ በእጅህ በቴፑ ሣጥን ላይ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ እኔም እዚህ ሆኜ የሠራሁት ዘፈን አለኝ፤ እሱም ይገባል።»

እስክሪብቶ አውጥቼ ሣጥኑ ላይ ስሟን ከነአባቷ ጻፍኩ። ፊደሉ ቢጣመምም፣ ዳዊት አይቶ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ደረቴ ላይ አንድ ዓመት ሙሉ የተቀመጠ ድንጋይ ያን ጊዜ ተነሣ።

ቀጥሎ ጸጥ ያለ ቤት ፍለጋ ሆነ። የትምህርት ቤቱ ክፍል ቆርቆሮ ነው፤ ካፊያ ሲነካው እንኳ ከበሮ ይሆናል። ሰናይት ዓይናቸውን ወዳከመችላቸው አንድ የጨርቅ ነጋዴ ወሰደችን። ሐጂ ይማም ይባላሉ፤ ከአያቶቻቸው ጀምሮ ሞጣ ገበያ ላይ ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ከሱቃቸው ጀርባ አሮጌ መጋዘን አለ።

«ኧረ አያምርም ልጆቼ፤ ገና የሣር ክዳን ነው» አሉ እያፈሩ።

ዳዊት ገብቶ አንዴ አጨበጨበ። ጭብጨባው እዚያው እጁ ውስጥ ሞተ። ግድግዳው እስከ ጣሪያው በአቡጀዲ ጣቃ ተሞልቷል፤ ሣሩ ደግሞ ዝናቡን አያሰማም። «ሐጂ» አለ ዳዊት፣ «አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ቤት የለም።»

«ወላሂ?» አሉ ሐጂ፣ ደስ ብሏቸው። ሻይና ማር በዳቦ አስመጡልን። ሥጋ ባያገናኘንም ማሩ አገናኘን።

ከሥራ ስትወጣ ሰናይት መጥታ እስኪመሽ ለሁለተኛው ሸክላ ያዘጋጀናቸውን ሦስት ዘፈኖች ዘፈነች። ድምጿ ከበፊቱ ወፈር ብሏል፤ ረጋ ብሏል። የራሷን ለነገ አሳደርነው። እንድትሰማው ቴፑን ስናጫውት ጥሩ ነበር፤ ተቃቅፈን ተለያየን።

ዳዊት ግን ልቡ አላረፈለትም። ሐጂን አዲስ የእጅ ባትሪ ድንጋይ ጠይቆ ማሽኑ ውስጥ ከተተና እንደገና አጫወተው። የሰናይት ድምፅ እንደ ሕፃን ቀጥኖ፣ ጊታሩም እየተጣደፈ ወጣ። አሮጌው ድንጋይ ደክሞ ማሽኑ ሲቀርፅ ቀስ ብሎ ይዞር ኖሯል። በዚያ ላይ እኩል አልደከመም፤ መጀመሪያው ላይ ትንሽ፣ መጨረሻው ላይ ብዙ። በዚያ ቴፕ ላይ ማንም ባንድ ሊመታበት አይችልም።

«ብቸና!» አለ ዳዊት። እዚያ ዘፈኔን ስደጋግም ድንጋዩን የጨረስኩት እኔ ነኝ።

ረቡዕ

ሐጂ ይማም ከሱቃቸው ገና ያልተከፈተ ካርቶን ድንጋይ አውጥተው ሰጡን። ሰናይትም ሁኔታውን ስነግራት ተንፍሳ «እሺ፣ በሦስት ሰዓት እመጣለሁ» አለች። በሦስት ሰዓት ስምንት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ጤና ጣቢያው ገቡ። ምጥ ከያዛት ሁለት ቀን የሞላት ሴት ነበረች፤ ሌሊቱን ሙሉ ነው የተጓዙት።

በሩ ተዘጋ። ባሏ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብሎ መሬቱን በጣቱ ይጭራል። አራት ሰዓት ሆነ፣ አምስት ሆነ። በስድስት ሰዓት ሾፌሩ መኪናውን አስነሥቶ መጣና ጥሩንባ ነፋ።

«ደመናውን አታዩም? ውጡ!»

ዳዊት አየኝ። «እንሂድ ጌታሁን። ብንቀር እስከ መስከረም መቅረታችን ነው። የቀረጻ ቤቱም ያልፋል፣ የሱቄም በር ይታሸጋል።»

የተዘጋውን በር አየሁ። ገብቼ ልጠራት አልችልም። ያለ እሷ ሄጄ ደግሞ ሦስት ደብዳቤ ልጽፍላት ነው? «አንተ ሂድ፣ እኔ እቆያለሁ» አልኩት። ዳዊት በድሬዳዋ አማርኛ ተሳደበ፣ ሣጥኑን ከመኪናው አወረደና ተቀመጠበት። ሾፌሩ እጁን አወናጭፎ ሄደ።

በዘጠኝ ሰዓት ከውስጥ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። ባልየው አልተነሣም። ሰናይት በሩን ከፍታ «ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ወንድ ነው» ስትለው ነው ግንባሩን መሬት ላይ ደፍቶ ያለቀሰው። እኔም፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አብሬው አለቀስኩ። ዳዊት ሌላ ቦታ ያያል፤ ዓይኑ ግን እርጥብ ነበር።

ዛሬ አትዘፍንም ብዬ ነበር። እሷ ግን ታጥባ ውኃ ጠጣችና «ኑ፣ ሳይቀዘቅዝብኝ» አለች። መጋዘኑ ውስጥ ጣቃው ላይ ተደግፋ ቆመች። ውጭ ዶፉን ለቀቀው፤ ሣሩ ዋጠው፣ ውስጥ ምንም አይሰማም። ሦስቱን ዘፈኖች ሳታቋርጥ ተራ በተራ ዘፈነች። ከዚያ የራሷን። በቅሎዋን ሸጣ ልጇን ስላሳከመች አንዲት ሴት ነው፤ ዜማው ቀላል ነው፣ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ጊታሬን አቁሜ አዳመጥኩ። ሲያበቃ ከበሩ አጠገብ የቆሙት ሐጂ ይማም መቁጠሪያቸውን እንደያዙ ቀርተዋል። ሰናይት ቸኩላ ወጣች፤ ለመሰናበት እንኳ ጊዜ አልነበራትም። ዳዊት ባትሪውን ለካው፣ ቴፑንም መጀመሪያውንና መጨረሻውን በጊታሬ አስተያየው። ፍጥነቱ አንድ ነው።

ሐሙስ፣ የመመለሻው መንገድ

እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው። ሐሙስ ጠዋት የወባ መድኃኒት የሚረጩ ሠራተኞች ላንድሮቨር ወደ ደጀን ሊወርድ ነው ተባለ። ሰናይት ለእነሱ ሹክ ብላልን ኖሯል። ከመድኃኒቱ በርሜል ጋር ተጣብቀን ተቀመጥን። እየሸተተን ነው፣ ግን እየሄድን ነው።

ትንሿ ወንዝ ጋ ስንደርስ ያን ጭነት መኪና አየነው። አፍንጫውን ወደ ውኃው ደፍቶ እስከ ጋቢናው በር ሰምጧል፤ የጭነቱ ሣጥን ውኃ ገብቶበታል። ረቡዕ ሄደን ቢሆን ኖሮ እኛም ማሽኑም እሱ ላይ ነበርን። ሾፌሩ ዳገቱ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ቆሎ ይበላል። ደህና ነው። ከላይ ሰፋ ያለ ሌላ መሻገሪያ አሳየንና «ለጌታዬ ንገሩልኝ፣ ጎታች መኪና ይላክ» አለን። ዳዊት ከወንዙ ማዶ ስንወጣ ትከሻዬን መታ አድርጎ «ምንም አትበል፤ አውቃለሁ» አለኝ።

ደጀን አድረን አባይን ወረድን። ሙቀቱ እንኳ ደስ አለኝ።

ዓርብ፣ ቤት

አዲስ አበባ ስንገባ እየካፋ ነበር። ሻንጣዬን ቤት አስቀምጬ እናቴን ሳምኳት፤ «ከሳህ፣ ግን ፊትህ ፈክቷል» አለችኝ። ወዲያው አሰፋ ቤት ሄድን፤ የቀሩት ልጆች እዚያ እየጠበቁን ነበር። ስለ ስሙ ጉዳይ ገና ሳልቀመጥ ነገርኳቸው። አሰፋ ተቆጣ፣ ሁለት ቀን ሊያኮርፈኝ እንደሆነም ነገረኝ። ተቀበልኩ።

እኔ ወደ ሞጣ የሄድኩት ዕቃ የማመጣ መስሎኝ ነበር። አንድ ሰው የሚኖርበትን ቦታና ውሎ አይቶ፣ በደጁ ተሰልፎ፣ በሩ እስኪከፈት ጠብቆ ከእሱ ጋር መጫወት እንዴት እንደሚለይ ባልሄድ ኖሮ አላውቀውም። ያንን በቃላት ለልጆቹ ማስረዳት አቃተኝ፤ ስለዚህ ዳዊት ቴፑን አጫወተው።

አሰፋ በሁለተኛው ዘፈን ኩርፊያውን ረስቶ በጣቶቹ ጠረጴዛውን ይመታ ጀመር። የመጨረሻው፣ የራሷ ዘፈን አለቀ። ማጥፋት ረስተን ቴፑ መዞሩን ቀጠለ። ያኔ እዚያ ሆነን ልብ ያላልነው ነገር ተሰማ፤ ሰናይት ረጅም ትንፋሽ ወሰደችና በተራ ድምጿ እንዲህ አለች፦

«በቃ፣ ልሂድ። ልጁ ጡት መያዙን ልየው።»

የእግሯ ኮቴ፣ በር ሲከፈት፣ ከዚያ ዝናቡ።

«ይሄን እንቁረጠው?» አለ ዳዊት።

አሰፋ ራሱን ነቀነቀ። «ተወው። እንዳለ ይግባ።»